እንግሊዝኛና ትምህርት ቤታችን፤ በሩን ማን ከፈተው?

 የዝግጅት ክፍሉ ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ አምጡ ሲለን ስለ ማኅበሩ አመሠራረት ለመጻፍ አስበን ነበር። ነገር ግን እርሱን ከእኛ ይበልጥ የሚያውቁት መሥራቾቹ ስላሉ ለእነርሱ ትተን፣ ዘንድሮ በየስብሰባውና በየታክሲ ተራው ስንከራከርበት የከረምነውን አንድ ጉዳይ ከሥሩ ጀምረን በታሪክ መልክ ለማየት መረጥን። ጉዳዩ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሻችን የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለው ነው። ይቅር የሚሉት ወገኖቻችን ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው የአዳራሹ ኪራይ መወደዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዛሬ የእጅ ስልኩ ራሱ ስለሚያስተረጉም፣ የደከመ ሰው ከሥራ ውሎ መጥቶ ቋንቋ ሲያጠና መጎሳቆል የለበትም የሚል ነው። ሁለቱም ቀላል ምክንያቶች አይደሉም። እኛም የምንተዳደረው በታክሲ ስለሆነ ድካም ምን እንደሆነ አይጠፋንም።

እንደሚታወቀው እንግሊዝኛ በአገራችን የቅኝ ገዥ ቋንቋ ሆኖ አልተጫነም። በኬንያም ሆነ በናይጄሪያ ትምህርት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ለምን ገባ ቢባል መልሱ አጭር ነው። የእኛ ግን ረዘም ይላል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) የመጀመሪያውን የመንግሥት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፍቱ፣ ቤተ ክህነቱ የአውሮጳ መምህራን ሃይማኖት ያስቀይሩብናል ብሎ ሠግቶ ስለነበር መምህራኑ የመጡት ከግብፅ ነው። በእምነት የሚመስሉን የቅብጥ ሰዎች ነበሩ። እንግሊዝኛ በዚያ ትምህርት ቤት ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ነበር እንጂ ዋናው አልነበረም። የዘመኑ የጨዋ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ኩባንያው የፈረንሳዮች ነበርና፣ ለገሃር የሚለው የሰፈር ስም ራሱ ከዚያው ከፈረንሳይኛ ተወስዶ ቀረ። ቢሮ፣ ጋራዥ የምንላቸውም ቃላት የዚያው ዘመን ቅርሶች ናቸው። ከሁሉ የሚያስቀን ደግሞ እኛ የምንጠራበት ሹፌር የሚለው ቃል ነው፤ እርሱም ፈረንሳይኛ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1917 ዓ.ም. በስማቸው የተሰየመውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱም ፈረንሳይኛው ዋናውን ቦታ እንደያዘ ነበር።

በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ያወቀ ኢትዮጵያዊ ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ ዕጣ ፈንታው ከአገር ያስወጣው ሰው ነው። ከእነዚህ መካከል የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። ሐኪም ወርቅነህ በ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት ጊዜ የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ ሕንድ ተወሰዱ። እዚያው አደጉ፣ በላሆር ሕክምና ተማሩ፣ በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አሻሻሉ፣ ከዚያም በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት አገለገሉ። ስማቸውም ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ከአድዋ ድል በኋላ አገሬ ብለው ሲመጡ ዘመዶቻቸው ተገኙ፤ ከዘመዶቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት አማርኛ ግን አልነበራቸውም። በጎልማሳነታቸው የእናት ቋንቋቸውን እንደ ባዕድ ተቀምጠው ተማሩ። የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ቆይቶም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ አስተዳዳሪ፣ ፋሺስት ጣሊያን ሲወረን ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው የአገራቸውን ጉዳይ ለእንግሊዝ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ያስረዱ እርሳቸው ናቸው። እንግሊዝኛ ለእኚህ ሰው የከፈተው በር ትልቅ ነው። ያስከፈላቸውም ዋጋ እንዲሁ። ልጆቻችን በአማርኛ ሲንተባተቡ ባየን ቁጥር የሐኪም ወርቅነህ ነገር በሐሳባችን ይመጣል።

ሌላው ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። እዚህ ዋሽንግተን የምንኖር ሁላችን በጆርጂያ አቬኑ በኩል ስንመላለስ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ስንት ጊዜ መንገደኛ አውርደናል! መላኩ በመጀመሪያ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ከተማሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በሕክምና የተመረቁት ከዚሁ ከሃዋርድ ነው። አገር ቤት ተመልሰው በጦርነቱ አገለገሉና ከሽንፈቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተልከው መጡ። በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቁመው፣ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ እያሳተሙ የሃርለምን ጥቁር ሕዝብ ለኢትዮጵያ አስነሡ። በ1940 ነጻነቱን ሳያዩ በዚሁ አገር ዐረፉ። የዛሬው ማኅበራችን ታላቅ ወንድም ቢባል ያ ማኅበር ነው።

በወረራው አምስት ዓመት ውስጥ፣ በተለይም በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ፣ በውጭ አገር የተማሩት ወጣቶች እየተፈለጉ ተገደሉ። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ነበሩ። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ መንግሥቱን እንደገና የሚያደራጅ የተማረ ሰው አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። አብሯቸው የገባው ጦር ደግሞ የእንግሊዝ ነው። አማካሪው፣ መኮንኑ፣ መጽሐፉ፣ መምህሩ ሁሉ በዚያ በኩል መጣ። በኮተቤ እ.ኤ.አ. በ1943 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በ1946 የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሆኑ። ተማሪዎቹ የሚፈተኑት የለንደን ዩኒቨርሲቲን የማትሪክ ፈተና ነበር። ፈተናው ቆይቶ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም ስሙ ግን አልለቀቀንም፤ እኛም ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ ማትሪክ ወሰድን እያልን ነው ያደግነው። ፈረንሳይኛ በሊሴ ገብረ ማርያምና በጥቂት ቦታ ተወስኖ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዝን ሞግዚትነት አልወደዱትም፤ ብዙም ሳይቆዩ ፊታቸውን ወደ አሜሪካ አዞሩ። ለዚህ ግን ቋንቋ መለወጥ አላስፈለጋቸውም። ለእንግሊዙ የተማረው ልጅ ለአሜሪካውም ደረሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ብንወስድ፣ በ1938 ዓ.ም. መብረር ሲጀምር አብራሪውም መካኒኩም ከቲ ደብሊው ኤ የመጣ አሜሪካዊ ነበር። ነገር ግን የሞተሩ መጽሐፍ የተጻፈው፣ ከማማው ጋር የሚነጋገሩትም በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ከሁለተኛ ደረጃ የወጡት ልጆቻችን ሥራውን ከአሜሪካኖቹ እጅ አንድ በአንድ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን አዛዥ ሆኑ፤ በ1971 ደግሞ ዋና ሥራ አስኪያጅነቱ በኢትዮጵያዊ እጅ ገባ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 አዲስ አበባ ሲቀመጡም ጸሐፊውና የሒሳብ ሠራተኛው ከደጅ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ያደረገው ቋንቋው በራሱ ነውን? እኛ አይመስለንም። ቋንቋውን ይዞ በክፍል ውስጥ የቆመ ሰው ስለነበረ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እናት የሆነውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ያቋቋሙት ዶክተር ሉስየን ማትና ባልደረቦቻቸው ከካናዳ የኩቤክ ክፍል የመጡ ኢየሱሳውያን ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች የአፍ መፍቻ ፈረንሳይኛ ነው! እነርሱ ራሳቸው በተማሩት ቋንቋ የእኛን ልጆች አስተማሩ። ስብከት ስላልተፈቀደላቸው ቀሚሳቸውን አውልቀው በኮትና በሱሪ ነበር የሚያስተምሩት። በጠቅላይ ግዛቶቹ ደግሞ የሕንድ መምህራን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከከራላ ናቸው። በደሴም በጅማም በነቀምትም ሒሳብና ፊዚክስ የተማረ ሰው ቢጠየቅ የአንድ ሕንዳዊ መምህር ስም ሳይጠራ አይቀርም። እንግሊዝኛቸው እንደ ለንደን አልነበረም እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ነገር ግን ቀን ከሌት የሚናገሩት፣ የሚያስቡበትና የሚቆጡበት ቋንቋ ነበር። ተማሪው ከመጽሐፍ ውጭ የሚሰማው ቋንቋ አገኘ።

በመስከረም 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ከ270 በላይ ሆነው ሲደርሱ አብዛኞቹ ወደየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተበተኑ። በኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር የሆኑት ፖል ሶንጋስ ከእነዚያ አንዱ ነበሩ፤ ያስተማሩትም በወሊሶ ነው። ወጣቶቹ ብዙዎቹ ከኮሌጅ ገና የወጡ ልጆች ነበሩና የማስተማር ልምዳቸው አነስተኛ ነበር። ግን ከተማሪው ጋር ኳስ ይጫወታሉ፣ ቤታቸው ይጋብዛሉ፣ ቡና ይጠጣሉ። ከዚያም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ የሚያስተምሩበት የአገልግሎት ግዳጅ መጣ። ይህ እንደ ቅጣት ያማረሩት ቢኖሩም፣ ለገጠሩ ተማሪ ትልቁ ትምህርት እርሱ ሳይሆን አልቀረም እንላለን። ምክንያቱም ፈረንጅ ብቻ ሳይሆን የጎጃም ወይም የወላይታ ልጅም እንግሊዝኛ ተናግሮ ሲያስተምር አየ።

መምህሩም በበኩሉ ተጠቃሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በአሜሪካ መንግሥት ወጪ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ መምህራንና ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ የተላኩትም እንዲሁ። በኋላ ዘመን በፖለቲካውና በኑሮው የተገፉት ወደ ዚምባብዌ፣ ቦትስዋናና ደቡብ አፍሪካ ሲሰደዱ እንደሌላው ስደተኛ ዕቃ ተሸካሚ አልሆኑም። አገር ቤት ሲያስተምሩ የነበረውን ያንኑ ሒሳብና ኬሚስትሪ፣ በዚያው ቋንቋ፣ በሌላ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉት። የአገልግሎት ዘመናቸው ሳይባክን ከእነርሱ ጋር ድንበር ተሻገረ። አንድ ስደተኛ ከዚህ የበለጠ ምን ይመኛል?

አሁን ደግሞ በሩ የዘጋባቸውን እናንሣ። በቅኔ ቤት አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ሰምና ወርቅ ሲፈታ ሌሊቱን የሚያነጋ ሊቅ፣ ወደ መሥሪያ ቤት ሲመጣ ያልተማረ ተባለ። የዘመኑ መለኪያ እንግሊዝኛ ሆነና የአገሩ ዕውቀት በአንድ ትውልድ ከሚዛን ወረደ። ይህ በእኛ አስተያየት ትልቅ ግፍ ነው። አማርኛ ለማይናገረው ልጅ ደግሞ ነገሩ ሁለት ወንዝ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ሲሆን፣ በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ አፉን የፈታው ሕፃን መጀመሪያ አማርኛን፣ ቀጥሎ በ7ኛ ክፍል እንግሊዝኛን መሻገር ነበረበት። ስንቱ በመጀመሪያው ወንዝ ላይ ቀረ።

የተማሪው ንቅናቄ ራሱ ከዚህ እንቆቅልሽ አላመለጠም። ዋለልኝ መኰንን በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ብሔረሰቦች የጻፈው ብዙ የተባለለት ጽሑፍ የወጣው ስትራግል በተባለው የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መጽሔት በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ አሜሪካ የነበሩትም ቻሌንጅ የሚባለውን መጽሔታቸውን የሚያትሙት በእንግሊዝኛ ነበር። ስለ ገበሬው ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው። አደባባይ ሲወጡ ግን መሬት ላራሹ ብለው በአማርኛ ጮኹ፤ አገር የሰማውም እርሱን ነው። ለፍርዱ ያህል ደግሞ መካድ የሌለበት አለ። የናይጄሪያው፣ የኬንያውና የታንዛኒያው ተማሪ በነጻ የትምህርት ዕድል ስድስት ኪሎ መጥቶ ከኢትዮጵያውያኑ ጋር በአንድ መኝታ ቤት ሲያድር፣ ስለ ቅኝ አገዛዝና ስለ ነጻነት ያወጉት በእንግሊዝኛ ነው። አፍሪካዊ መሆናችንን ከእነርሱ ተማርን የሚሉ የዚያ ዘመን ሰዎች አሉ።

ከአብዮቱ በኋላ የሆነውን ባጭሩ እንለፈው። የሰላም ጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ወጡ። ነጻ የትምህርት ዕድሉ ወደ ሶቭየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ ዞረ፤ ሩስኛና ስፓኒሽ የሚናገር ትውልድ ተፈጠረ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች መሰጠቱና ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘቱ የማይካድ ሥራ ነው። በትምህርት ቤቶቹ ግን ተማሪው በዝቶ በፈረቃ ሆነ፣ መምህሩም ከ12ኛ ክፍል ወጥቶ በአጭር ሥልጠና ክፍል የሚገባ ሆነ። የማስተማሪያው ቋንቋ ግን እንደ ድሮው እንግሊዝኛ ነው። ያ መምህር እንግሊዝኛን የሰማው ከሌላ እንደ እርሱ ካለ መምህር ነው። በዚህ ዓይነት ቋንቋው በየትውልዱ እንደተቀዳ ካሴት እየደበዘዘ ወረደ።

እኛ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ የገባነው የዚያ ቅጂ ደራሾች ነን። የክፍሉ ሥርዓት ይህን ይመስል ነበር። መምህሩ በእንግሊዝኛ ኖት ያስጽፋል፤ ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ በአማርኛ ያስረዳል። የገባን በአማርኛው ነው፤ የምንፈተነው በእንግሊዝኛው ነው። መካከሉን የምንሞላው በሽምደዳ ነበር። ፈተናው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ መርጦ ማጥቆር ስለሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር በአፉ ሳይናገር፣ አንድ ገጽ በእጁ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው ነበር። መምህሩም ለሚመጣው ፈተና ሲል ገቢሩን ወደ ተገብሮ ሲያስለውጠን ዋለ። መምህራኑን እዚህ ላይ አንወቅስም። በዚያ ደመወዝ፣ በአንድ ክፍል 80 እና 90 ተማሪ ይዘው ያን ያህል ማድረጋቸው ይደንቀናል። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ስንቀመጥ ግን አንዱን ገጽ ለማንበብ መዝገበ ቃላት ሦስት ጊዜ እንገልጥ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገ። ይህን እንደግፈዋለን፤ ሕፃን በሚያውቀው ቋንቋ ፊደልና ቁጥር መቁጠር መብቱ ነው። እንግሊዝኛ ግን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርትነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ ማስተማሪያ እንዲሆን ተወሰነ። ከ1ኛ ክፍል እንግሊዝኛ የሚያስተምር ይህ ሁሉ መምህር ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መምህራንን በእንግሊዝኛ ለማጠናከር ሥልጠና ተጀመረ፤ ደግ ሥራ ነበር። ከእርሱ ጋር አብሮ ግን ታናናሾቻችን ፕላዝማ ብለው የሚያስታውሱት መጣ። ከ2004 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በየክፍሉ ቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። የፊዚክስ መምህር በሌለበት ወረዳ ይህ ከምንም ይሻል እንደነበር አንክድም። ነገር ግን ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የወሰደው በፍጥነት የሚናገር ቴሌቪዥን ነው። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይጠቀልላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ይቀራል። ቴሌቪዥን አልገባኝም ያለውን ልጅ ፊት አያይም። ለተማሪው በር ይከፈትለታል ተብሎ በረኛው ከደጃፉ ተነሣ።

ውጤቱን በአንድ ምክንያት ብቻ ማስረዳት ትክክል አይሆንም። በቅርብ ዓመታት ጦርነትም፣ ወረርሽኝም፣ የፈተና ስርቆትም ነበረ። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈታኞች ተማሪዎች ወደየዩኒቨርሲቲው ተወስደው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ፣ ወደ 900 ሺህ ገደማ ከሚሆኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ በቁጥር ወደ 30 ሺህ መሆናቸው ነው። ከጥቂት ትምህርት በቀር የፈተናው ወረቀት በእንግሊዝኛ እንደሆነ ልብ በሉ። ባዮሎጂውን የወደቀው ስንቱ፣ ጥያቄውን የወደቀው ስንቱ? ይህን ሳንለይ ልጆቹን ሰነፍ ማለት ለእኛ ይከብደናል።

ወደራሳችን እንመለስ። ከእኛ ጋር ታክሲ ተራ ከሚሰለፉት መካከል አገር ቤት ለ14 ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ አንድ ወንድማችን አለ። የኒውተንን ሕግጋት በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንዲት ፊደል አያዛንፍም። መጀመሪያ እንደመጣ ግን ፋርማሲ ገብቶ መድኃኒት ሲጠይቅ ሻጯ ሦስት ጊዜ ምን አልክ አለችው፤ በአራተኛው ትቶ ወጣ። ይህ ሰው እንግሊዝኛ አይችልም ሊባል ነው? ዓይኑና እጁ ያውቁታል፤ ጆሮውና አፉ ግን ዕድሉን አላገኙም። ከላይ የተረክነው የ80 ዓመት ታሪክ በእርሱ ላይ ተቀምጦ ይታያል። እንዲህ ያሉ የቀድሞ መምህራን በአባሎቻችን ውስጥ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ሌሊት በነርሲንግ ሆም ይሠራል።

ስልኩን በተመለከተ፣ ይጠቅማል። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ምክንያት የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ጭምር እያስተናገዱን ነው፤ ይህ ለወላጆቻችን ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ይሁን እንጂ ስልክ የማይገባበት ቦታ አለ። የነርስ ፈቃድ ፈተና በእንግሊዝኛ ነው፤ ስልክም ይዞ አይገባም። በከባድ መኪና የሚሠሩ ወንድሞቻችን እንደሚያውቁት፣ ነጂው እንግሊዝኛ ማንበብና መናገር አለበት የሚለው የፌዴራል ደንብ ከድሮም የነበረ ነው። ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን መንገድ ላይ አስቁመው በእንግሊዝኛ ጠይቀው መመለስ ያልቻለውን ከሥራ ማገድ ጀምረዋል። የዜግነት ጥያቄውም እንዲሁ ነው። ዕድሜው 50 ሞልቶ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ሞልቶ 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ነጻ ይሆናል። ከዚያ በታች ያለው ግን ከመኮንኑ ፊት ተቀምጦ በራሱ አፍ መመለስ ይጠበቅበታል።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ትምህርቱ ይቀጥል የሚል ነው። ነገር ግን አሁን ባለበት መልኩ አይደለም። እስከ አሁን መጽሐፍ እያነበብን መልመጃ ስንሞላ ቆይተናል፤ ያንን ሁላችንም አገር ቤት ጠግበነዋል። የሚቀጥለው የጆሮና የአፍ ትምህርት ይሁን። ያስተምሩ ዘንድ የምንለምናቸውም እነዚያኑ የቀድሞ መምህራን ነው፤ ክፍል መያዝ ያውቃሉ፣ ተማሪው የቱ ጋ እንደሚወድቅ ስለሄዱበት ያውቃሉ። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጠው ንግግሩን ያለማምዱ፤ ልጆቹ በልዋጩ ከመምህራኑ አማርኛ ይማሩ። የሐኪም ወርቅነህ ዓይነት ዋጋ ሁለተኛ እንዳይከፈልም በዚሁ ይታሰብበት። ኪራዩን በተመለከተ፣ ከታክሲ ሠራተኞች መካከል በወር የአንድ ቅዳሜ የግማሽ ቀን ገቢያቸውን ለማዋጣት የተስማሙ አሉና ስማቸውን ለገንዘብ ያዡ ሰጥተናል። ዝርዝሩ ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በጽሑፍ ቀርቦ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ለውይይት ተይዟል። ለማስተማር ፈቃደኛ የሆናችሁ መምህራን፣ ያስተማራችሁትን የትምህርት ዓይነትና የሚመቻችሁን ሰዓት ከጉባኤው በፊት ለጸሐፊው ብታስመዘግቡ መርሐ ግብሩን ለማውጣት ይቀላል። ጥቁር ሰሌዳው አዳራሹ ጓዳ ውስጥ ከተደረደሩት ወንበሮች ኋላ ይገኛል፤ አንዱ እግሩ ስለተሰበረ ጠጋኝ ይፈልጋል።